አዳራሹ ሙሉ ነበር

አባቴ በተቀበረበት ሰዓት እኔ ቅርጫት ኳስ እጫወት ነበር። ይህን የምጽፈው ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም፤ ለሐዘኑ ጊዜው አልፎበታል። የምጽፈው ተናድጄ ነው። ያን ቀን ሶዶ ውስጥ፣ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ከተሰበሰበው ያ ሁሉ ሰው መካከል የአባቴን መሞት ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ያውቃል፣ ኳስ የሚያቀብለኝ ጓደኛዬ ያውቃል፣ ስሜን እየጠራ የሚዘፍነው ሁሉ ያውቃል። እያወቁ አጨበጨቡልኝ።

አዳራሹ የተሠራው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ያኔ ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ ወላይታም በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር ያለ አውራጃ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሁለገብ አዳራሽ ይሠራልን ብሎ ሲያመለክት መንግሥት ቆርቆሮውንና ሲሚንቶውን ሰጠ፣ ሕዝቡ ድንጋዩንና እንጨቱን አመጣ። አባቴም ከጓሮው ባሕር ዛፍ ቆርጦ በትከሻው ተሸክሞ አምጥቷል። ሁለገብ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባን ግን ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ጠዋት ፈተና እንቀመጥበታለን፣ ከሰዓት በኋላ የአውራጃው ሹም ስለ ግብር ይናገርበታል፣ አማኞቹ ጉባኤ ያደርጉበታል፣ ትልቅ ሰው ከአዲስ አበባ የመጣ እንደሆነ በሬ ታርዶ ግብር ይበላበታል፣ በመኸር ጊዜ ደግሞ በቆሎ ይከመርበታል። ከዚህ ሁሉ በተረፈው ጊዜ ቅርጫት ኳስ እንጫወትበታለን።

ለኳስ ተብሎ እንዳልተሠራ ያስታውቃል። አንደኛው ቅርጫት የተሰቀለው ከመድረኩ በላይ ነበር፤ ሮጦ ለማግባት የሚዘል እንግዳ ቅልጥሙን ከመድረኩ ጠርዝ ጋር ያጋጫል። እኛ የት ላይ መቆም እንዳለብን እናውቃለን፣ እንግዶቹ የሚያውቁት ከተጎዱ በኋላ ነው። ወለሉ ላይ የበቆሎ ፍሬ አይጠፋም። የኛ ሰዎች ከጨዋታ በፊት መጥረጊያ ይዘው ይገቡና እኛ የምንሮጥበትን ወገን አጽድተው፣ ሌላውን ወገን ደክሞናል ብለው ይተዉታል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ቆርቆሮው ፊሽካውን ይውጠዋል። ዳኛው እጁን እያወናጨፈ መሐል ወለል ላይ ሲሮጥ ሕዝቡ ይስቅበታል። እዚያ ቤት ውስጥ እኛን ማሸነፍ ከባድ ነበር፤ ስንሸነፍም ከሜዳችን ውጭ ነበር።

ደጋፊው ቦታ ቦታ ነበረው። ከፊት አግዳሚው ላይ መምህራንና የጽሕፈት ቤት ሰዎች፣ ከነሱ ኋላ ነጋዴዎች፣ መስኮቱ ላይ ተማሪዎች፣ በበሩ በኩል ደግሞ ከቅዳሜ ገበያ ሽንኩርትና ቅቤያቸውን ሸጠው የመጡ ሴቶች ይቆማሉ። ግማሾቹ የጨዋታውን ሕግ አያውቁም። ኳሱ ቅርጫት ውስጥ ሲገባ ማጨብጨብ እንዳለባቸው ያውቃሉ፣ የገባው የእንግዳው ከሆነ ደግሞ መሳል እንዳለባቸው ያውቃሉ። አንድ ላይ ሲስሉ አዳራሹ በሙሉ ጉንፋን የያዘው ይመስል ነበር። ያን ጊዜ ያ ሳል እንዴት ያስቀኝ እንደነበር።

የደጋፊው አለቃ አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበር። ልብሱ ንጹሕ፣ ድምፁ ወፍራም፣ በሰርግም በሽምግልናም መጀመሪያ የሚጠራ ሰው። እሱ በወላይትኛ ይዘፍናል፣ አዳራሹ ይቀበለዋል። ከዚህ በላይ ግን የሚታወቀው በመርዶ ነበር። በሰፈራችንም ሆነ በከተማው ሰው ሲሞት ለቅርብ ዘመድ ማርዳት የሱ ሥራ ነው። መርዶ ወግ አለው፤ ሰው ራት በልቶ ተኝቶ፣ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ተይዞ ተሄዶ፣ አረፍ ተብሎ ነው የሚነገረው። በመንገድ ላይ፣ በገበያ መሐል፣ በሥራ ላይ አይነገርም። አጎቴ ይህን ወግ እንደሱ የሚያውቅ የለም ተብሎ ይመሰገን ነበር። እኔም እኮራበት ነበር።

እኔ በቁመቴ ነው የተመረጥኩት። ቤታችን ከሶዶ ወደ አረካ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በእግር ጥቂት የሚያስኬድ ቦታ ላይ ነበር፤ ሰኞ ሰኞ ስንቄን ይዤ ከተማ እገባለሁ፣ ልምምዱ እስኪመሽ ስለሚቆይ ከአንድ የክፍል ጓደኛዬ ጋር በተከራየነው ክፍል ሰንብቼ ቅዳሜ ማታ እመለሳለሁ። አባቴ አንድም ቀን አዳራሹ ድረስ መጥቶ አይቶኝ አያውቅም። “እግዚአብሔር ይህን ቁመት የሰጠህ ጣሪያ እንድትከድን እንጂ ቅርጫት ውስጥ ኳስ እንድትከት አይደለም” ይለኝ ነበር። ግን ቅዳሜ ማታ ገና እግሬ ከደጅ ሳይገባ “አሸነፋችሁ ወይ?” ብሎ የሚጠይቀኝም እሱ ነው። ሲያሸንፉን ለእናቴ “ለልጁ ወተት ስጪው፣ ደክሟል” ይላታል፤ ስናሸንፍ ምንም አይልም፣ ወተቱን ራሱ ያመጣልኛል።

በዚያ ዓመት ታመመ። ደረቱን ያመዋል፣ ሌሊት ሌሊት ቁጭ ብሎ ያድራል። ሰኞ ጠዋት ልመለስ ስነሳ አልጋው ላይ እንዳለ እጄን ያዘኝና “ቅዳሜ ትመጣለህ አይደል?” አለኝ። ሁልጊዜ የምመጣ ሰው እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ ሊገባው ይገባ ነበር፤ እኔ አልገባኝም። “ጨዋታ አለን፣ ልክ እንዳለቀ እመጣለሁ” አልኩት። “በል፣ እጠብቅሃለሁ” አለ።

ጨዋታው ከጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ከመጣ ቡድን ጋር የሚደረግ የዋንጫ ጨዋታ ነበር። ባለፈው ዓመት በሜዳቸው አሸንፈውን ስንመለስ፣ የቦዬ ሥር ለቅማችሁ ብሉ ብለው ሰድበውናል። ቦዬ ከመሬት ተቆፍሮ የሚቀቀል የኛ ምግብ ነው፤ መብላቱ ሳይሆን በሱ መሰደቡ ነው ያናደደን። ስለዚህ ከተማው ያን ቅዳሜ እንደ በዓል ነበር የጠበቀው።

አባቴ የሞተው ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ነው። መልእክተኛው ወግ አውቆ ወደኔ አልመጣም፣ ወደ አጎቴ ቤት ሄደ። ከአጎቴ ወደ ስፖርት አስተማሪያችን፣ ከአስተማሪው ወደ ጓደኞቼ፣ ከዚያም የገበያ ቀን ስለነበር ወደ ከተማው ሁሉ ደረሰ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በማግስቱ ነው። ያን ቀን የማውቀው አስተማሪያችን በማለዳ ወደተከራየነው ክፍል መጥቶ ወስዶን፣ “ዛሬ ከግቢው እንዳትወጡ፣ እረፉ” ብሎ ትምህርት ቤት ውስጥ እንደዘጋብን ብቻ ነው። በስድብ ካልሆነ ስሜን የማይጠራ ሰው ያን ቀን “ልጄ” አለኝ። አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ ዳቦውን ቆርሶ ትልቁን ለኔ ሰጠኝ፣ ደረቁን ራሱ በላ። የሸራ ጫማዬን ማሰሪያ ጎንበስ ብሎ ሲያስርልኝ “ምን ሆነሃል፣ ሚስቴ ነህ እንዴ?” ብዬ ቀለድኩበት። ቀና አላለም። ለጨዋታው ፈርቶ መሰለኝ።

ወደ አዳራሹ ስንገባ እንደዚያ ሞልቶ አይቼው አላውቅም። ሰው መስኮቱ ላይ፣ መድረኩ ላይ፣ የበቆሎው ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ስሜ ሲጠራ ጭብጨባው እኩል ተነሳና እኩል ቆመ፤ የታዘዘ ጭብጨባ ይመስል ነበር። በበሩ በኩል ከቆሙት ሴቶች አንዳንዶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከሌላ ለቅሶ የመጡ መስሎኝ፣ ሐዘን ላይ ሆነው እንኳ እኛን ሊያዩ መጡ ብዬ ደስ አለኝ። እንዲህ ነው ሞኝነት፤ የራሴን ለቅሶ ለኔ የመጣ ክብር አድርጌ ቆጠርኩት።

መጀመሪያ ላይ ሳትኩ። ባዶ ቅርጫት ስር ቆሜ ኳሱን ከብረቱ ጋር አጋጨሁት። እንደዚያ ያለ ስሕተት ስሠራ የሶዶ ደጋፊ ሰድቦ አይጠግብም፤ ምሕረት አያውቅም። ያን ቀን ግን አጨበጨቡልኝ። እንደገና ሳትኩ፣ እንደገና አጨበጨቡ። አንድ ነጋዴ ከተቀመጠበት ተነስቶ “አይዞህ የኔ ልጅ” አለኝ። ሰው ይህን ያህል ይወደኛል ወይ ብዬ ልቤ ሞላ። ከዚያ በኋላ መሳት አቆምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተጫውቼ አላውቅም፤ ኳሱ ከእጄ ሲወጣ የት እንደሚገባ አውቅ ነበር።

እረፍት ላይ ዝናቡ መጣ። ውኃ ልጠጣ ወደ በሩ ጠጋ ስል ከኛ ቤት አጠገብ የምትኖረውን ጎረቤታችንን አየኋት። በዝናብ በስብሳለች፤ አጎቴ ክንዷን ይዞ በጆሮዋ ይነግራታል። እጄን አነሳሁላት። አየችኝና ዓይኗን መለሰች። ቦታ አጥታ የተቆጣች መሰለኝ። ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር አጎቴ ከቦታው አልነበረም፤ ዘፈኑ አውጪ አጥቶ ተበታተነ፣ በቆርቆሮው ላይ ደግሞ ዝናቡ ይወርዳል። በአንድ ቅርጫት አሸነፍን። ያችን ቅርጫት ያገባሁት እኔ ነኝ።

ተሸከሙኝ። ትከሻ ለትከሻ እየተቀባበሉ አዳራሹን አዞሩኝ። እላይ ሆኜ ቁልቁል ሳይ አንዳንዶቹ ያለቅሳሉ፤ ሰው በደስታ ሲያለቅስ ማየት ለኔ የመጀመሪያዬ ነበርና እኔም አለቀስኩ። ከዚያ “ወደ ቤት ልሂድ፣ አባቴ ይጠብቀኛል” አልኩ። አስተማሪያችን መሬት መሬት እያየ “ዝናብ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ነገ በጠዋት ትሄዳለህ” አለኝ። ሥጋ ቀረበ። በላሁ። ተነስ ጨፍር ሲሉኝ ጨፈርኩ።

ጎህ ሲቀድ አጎቴ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጥቶ አረዳኝ። ወጉን ሁሉ ጠብቆ ነው ያረዳኝ፤ አንድም አላጓደለም። ስጮህ ያዙኝ። ጓደኛዬ ከጥግ ሆኖ እያለቀሰ “ከጠዋት ጀምሮ እናውቅ ነበር፣ ምን እናድርግ” አለኝ። አጎቴ ደግሞ ሊያጽናናኝ ብሎ የተናገረውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። “አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ትናንት ግን ያ ሁሉ ሰው አፉን ጠበቀልህ። አንድም ሰው አላመለጠውም። እንዲህ ያለ ሕዝብ የት ይገኛል?” አለኝ። ኮርቶ ነበር። እኔም እሱን ለመምታት እጄን ሳነሳ ሽማግሌዎቹ ያዙኝ። መርዶ በወጉ ይነገር ማለት አንድ ነገር ነው፤ ቀብር እስኪያልፍ ይጠበቅ ያለው ወግ ግን የት ነው ያለው? ወጉ ሥራ ላይ ላለ ሰው አይነገርም ይላል፤ እነሱ ኳሱን ሥራ አደረጉት። ለዋንጫ ሲሉ እንጂ ለኔ ሲሉ አልነበረም።

ቤት ስደርስ የመቃብሩ አፈር ገና እርጥብ ነበር። እናቴ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣለች። ተንበርክኬ እግሯ ላይ ወደቅሁ። ኮቴ ስር የለበስኩትን ማልያ አየችው፤ ሳልቀይረው ነበር የተኛሁት። “መጣህ?” አለችኝ፣ ሌላ ነገር አላለችኝም። ሴቶቹ ናቸው ያነሱኝ።

ከዚያ በኋላ ኳስ አልነካሁም። አዳራሹም ውስጥ የገባሁት ለፈተና ብቻ ነው። ትምህርቴን ጨርሼ አረካ አስተማሪ ሆንኩ፣ አገባሁ፣ ልጅ ወለድኩ። እናቴን በየሳምንቱ እጠይቃታለሁ። ታበላኛለች፣ ልጄን ታቅፋለች፣ ስለ እንሰቱና ስለ ላሟ ታወራኛለች። ግን አንድ ነገር ተቀይሮ ነበር። ድሮ ስሄድ “መቼ ትመጣለህ?” ትለኝ ነበር። አሁን እኔው “ቅዳሜ እመጣለሁ” ስላት “ከተመቸህ” ትለኛለች። አባቴን ማጣቷ ነው እንዲህ ያቀዘቀዛት ብዬ ዓመታት አሳለፍኩ።

በሃምሳዎቹ መጨረሻ አጎቴ ሞተ። እንደሰማሁ ከክፍል ወጥቼ መኪና ለምኜ ደረስኩ፤ ገና አስከሬኑ እየታጠበ ነበር። ምንም ቢያደርገኝ አጎቴ ነው፣ የአባቴ ደም ነው፤ አለቀስኩለት። ተቀብሮ ሰው ከተበተነ በኋላ ከእናቴ ጋር ድንኳኑ ጥግ ተቀመጥን። እኔና እሷ የምንነጋገረው በወላይትኛ ነው፤ የተናገረችው በአማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው።

“ለአጎትህ ቶሎ መጣህ።”

መጀመሪያ ምስጋና መሰለኝ። ፊቷን ሳየው ምስጋና አይደለም። ምን ማለትሽ ነው አልኳት።  ደጋግሜ ስጠይቃት ነገረችኝ። ያን ቅዳሜ አስከሬኑን አስቀምጣ እኔን ትጠብቅ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጎረቤታችንን ከተማ ልካ አስጠራችኝ። ጎረቤታችን ከአጎቴ ጋር ተመለሰች፤ እኔ ከኋላቸው የለሁም። ልጄስ ብትለው፣ አጎቴ በለቀስተኛው ሁሉ ፊት “ነግሬዋለሁ። ጨዋታውን ጨርሶ ይመጣል” አላት። ከዚያ ቀበሩት።

ያን ጊዜ ምን እንደተሰማኝ ብናገር ይሻላል፤ ሞቶ በተቀበረ ሰው ላይ እንደዚያ ያለ ጥላቻ አድሮብኝ አያውቅም። ሳልሰማ ነው የቀረሁት አልኳት። በአባቴ አጥንት ማልኩላት። እናቴ አዳመጠችኝና “እሺ” አለች። እናት ልጇን ማሳፈር ሳትፈልግ ስትቀር የምትለው ዓይነት እሺ ነው። ስምንት ዓመት ያህል ያመነችውን ነገር በአንድ ቃል ልትተወው አልቻለችም፣ ሊፈረድባትም አይገባም። የነገራት የመርዶ አዋቂ የተባለ ሰው ነው፣ በሰው ሁሉ ፊት ነው የነገራት፣ እኔ ደግሞ በማግስቱ ማልያዬን እንደለበስኩ፣ ሥጋ ሥጋ እየሸተትኩ ነው የመጣሁት።

ምስክር ፍለጋ ወጣሁ። ችግር የለውም ብዬ ነበር። ያ ሁሉ ሰው እያወቀ እንደጠበቀልኝ አጎቴ ራሱ ነግሮኛል፤ ከዚያ ሁሉ ሰው አንዱ መጥቶ “ልጅሽ አልሰማም ነበር፣ እኛ ነን የደበቅነው” ቢላት ይበቃኛል።

መጀመሪያ ጎረቤታችን ጋ ሄድኩ። ልጇ ጋ ልትኖር ዲምቱ ገብታለች። ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን ደህና ነው። ዝናቡን አስታወሰች፣ እጄን እንዳነሳሁላት አስታወሰች። “እጅህን አንስተህ ሳቅክልኝ እኮ” አለችኝ። “አባቱ ሞቶ ይስቃል ብዬ ዓይኔን አዞርኩ።” አጎቴ ምን አለሽ ብዬ ስጠይቃት፣ ነግሬዋለሁ ነው ያለኝ አለች። ዋሽቷል አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። “አጎትህ ውሸታም አልነበረም” አለች። የሄድኩት ምስክር ላመጣ ነበር፤ የተመለስኩት ሳልስቅ ቀርቼ ቢሆን እያልኩ ነው።

ቀጥሎ ሻንቶ ወረድኩ። ያን ቀን ተነስቶ “አይዞህ የኔ ልጅ” ያለኝ ነጋዴ እዚያ ሱቅ ከፍቷል። ስለዚያ ጨዋታ ሳያወራ የሚውልበት ቀን እንደሌለ ሰዎች ነግረውኛል። ገና ሲያየኝ ለደንበኞቹ ማውራት ጀመረ፤ እንዴት እንደዘለልኩ፣ ኳሱ እንዴት ብረቱን ዞሮ እንደገባ፣ እሱ ከቅርጫቱ ሥር ቆሞ እንዳየ። ሲጨርስ ወደ ጎን ወስጄ ስለ አባቴ ጠየቅሁት። የሱቁን ሚዛን ማጽዳት ጀመረ። “እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ ያን ቀን ገበያ ላይ ነበርኩ” አለኝ። “ጨዋታውን ሰው ነው ያወራልኝ።”

ሌሎቹም ከዚህ አልተለዩም። አንዱ እረፍት ላይ ወጥቻለሁ አለኝ። አንዱ የሰማሁት ማታ ነው አለኝ። አንዷ ነጠላዬን ያዘቀዘቅኩት ለሌላ ለቅሶ ነው አለችኝ። ስለ ዋንጫው የጠየቅሁ እንደሆነ ከተማው በሙሉ አዳራሹ ውስጥ ነበር፤ ስለ አባቴ የጠየቅሁ እንደሆነ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ነው የተጫወትኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አልፈርድባቸውም እል ነበር፤ አሁን እፈርድባቸዋለሁ። አውቆ ማጨብጨብ ነውር መሆኑን ባያውቁ ኖሮ አይክዱም ነበር።

የቀረኝ አብሮኝ የኖረው ጓደኛዬ ነበር። በቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆኖ ሶዶ ይኖራል፤ አገልጋይ እንዴት ይዋሻል ብዬ መጨረሻ ያደረግሁት ለዚህ ነው። እሱ አልካደኝም። “ልክ ነህ፣ እናውቅ ነበር፣ አስተማሪው ከነገርከው ከቡድኑ ትወጣለህ ብሎኝ ነው” አለኝ። ለእናቴ ትነግርልኛለህ ስለው እሺ አለ። በመንገድ ላይ የሚላትን ሁለቴ አስደገምኩት። እንደሚቀጣ ልጅ ትዕግሥት አድርጎ ደገመልኝ።

እናቴ ተቀበለችን፣ ምግብ አቀረበች። ጓደኛዬ ጸለየ። ከዚያ እኔን አየ፣ እሷን አየ፣ እናቴ ነጭ ፀጉሯን ሸፍና እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። የአሮጊት ልብ መንካት ከበደው መሰለኝ፤ የለመደው ማጽናናት ነው። “እናቴ” አላት፣ “ያለፈውን እርሱት። ያኔ ሁላችንም ልጆች ነበርን። ልጅ ደግሞ ያጠፋል። ልጅዎ ዛሬ ድረስ ሲጸጸት ነው የሚኖረው።”

እግሩን በእግሬ ረገጥኩት። “እንደዚህ አይደለም፣ የነገርከኝን ንገራት” አልኩ። ያን ጊዜ ደግሞ እናቴ እጇን አንስታ ከለከለችኝ። “ተው፣ እንግዳ ነው፣ አታስጨንቀው” አለች። “ብሉ፣ ሊቀዘቅዝ ነው።” ጓደኛዬ አንገቱን ደፍቶ በላ። ስንወጣ በመንገድ ላይ “የተሻለውን ነው ያደረግሁት፣ ልቧ እንዲያርፍ” አለኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት እሱ ነው። ሰላም ሳልለው ተለየሁት፣ ከዚያ ወዲህም አልተነጋገርንም።

እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። አንድ ጠዋት አረካ ክፍል ውስጥ ሆኜ አስተምር ነበር፤ አንድ የሰፈራችን ሰው በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። ጠመኔውን እንደያዝኩ ወጣሁ። ስደርስ በሕይወት ነበረች፣ ሰውም ትለያለች። አልጋዋ አጠገብ ተንበርክኬ እጇን ያዝኩ። እጄ ነጭ ነበር፤ አየችውና ለረጅም ጊዜ በጣቷ ስታብሰው ቆየች።

“ትምህርቱን ጨርሰህ ነው?” አለችኝ።

“አይ፣ ልጆቹን ጥዬ ነው የመጣሁት” አልኳት።

ፈገግ አለች። እንደዚያ ያለ ፈገግታ አባቴ ከሞተ ወዲህ አይቼባት አላውቅም።

“አደግክ” አለችኝ።

አሁንም አልሰማሁም ነበር ልላት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ፊቷን ሳየው ተውኩት። ይቅር ብላኝ ነበር። እኔ የፈለግሁት ይቅርታ አልነበረም፣ እንድታምነኝ ነበር፤ እሷ ግን ያላትን ሰጠችኝ። ማታውን ሞተች። በቀብሯ ላይ ብዙ ሰው ተገኝቷል፤ አብዛኛው ከከተማ ነው የመጣው።